ከድሬዳዋ ተነስቶ ሁለት አገር ሳፋሪ፦ በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይስ በታንዛኒያ በኩል?

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣና ሦስት የዋጋ ዝርዝር አሳየኝ። ሦስቱም «ሁለት አገር ሳፋሪ» ይላሉ። አንዱ የስድስት ቀን፣ አንዱ የስምንት፣ አንዱ የአሥር ነው፤ የመጨረሻው ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ያክላል። «እሺ፣ የቱን ልያዝ?» አለኝ። «ፈቃድ የምትወጣው በየትኛው ወር ነው? ድንበሩንስ በየት ያሻግሩሃል?» ብዬ መለስኩለት። የመጀመሪያውን እሱ አላሰበበትም። ሁለተኛውን አንዱም ዝርዝር አልጻፈውም።

ይህን ጥያቄ ከድሬም ከሐረርም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ውጭ ያሉ ዘመዶች ለእረፍት ሲመጡ፣ ሙሽሮች ለጫጉላ ሲያስቡ፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ጉዞ ሊያዘጋጁ ሲሉ። ሦስቱንም መንገድ በተለያየ ጊዜ ሄጄባቸዋለሁ፤ በአንዱ ላይም ገንዘብና ቀን ከስሬያለሁ። ስለዚህ የማንንም አስጎብኚ ስም ሳላነሳ፣ መጀመሪያ መለኪያዎቹን፣ ቀጥሎ መንገዶቹን ላስቀምጥ።

ከዋጋ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

የመጀመሪያው ወቅት ነው። እኛ ዘንድ ቤተሰብ አብሮ መንቀሳቀስ የሚችለው ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ወይም በጥር መጨረሻ ባለችው የሴሚስተር ዕረፍት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የኬንያው ማሳይ ማራ የሚደምቅበት ጊዜ ነው። ጅቡቲ ግን በዚያ ሰዓት ከ40 ዲግሪ በላይ ትነዳለች፤ የድሬን ሙቀት የለመደ ሰው እንኳ የማይችለው ነው። ጥር ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጅቡቲ ትለዝባለች፣ አዋሽ ፓርክ ደረቅ ሆኖ እንስሳው ወደ ውኃ ይሰበሰባል፣ የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ፓርክ ደቡብም ዊልድቢስት በሚባለው ከብት መሰል የዱር እንስሳ ጥጆች ይሞላል። ወሩ ከታወቀ ግማሹ ምርጫ ተመርጧል።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ዋናው ድንበሩ ነው። በሁለት አገር ጉዞ ቀን የሚበላው እሱ ነው። ስምንት ቀን ተብሎ ከተሸጠላችሁ ጉዞ ላይ አውሮፕላን የሚጠበቅበትን፣ ፓስፖርት የሚመታበትን፣ መኪና የሚቀየርበትን፣ መንገድ ላይ የሚዋልበትን ቀን ቀንሱ። የሚተርፈውን «የእንስሳ ቀን» እለዋለሁ። ጠቅላላ ዋጋውን ለእንስሳ ቀን አካፍሉት። ርካሽ የሚመስለው ጉዞ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ሦስተኛው የፓርክ መግቢያ ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዜጎች ዝቅተኛ ዋጋ አላቸው፤ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ያ ዋጋ እኛን አይመለከትም። ስለዚህ ኬንያዊ ወዳጃችሁ «እኔ ይህን ያህል ነው የከፈልኩት» ቢላችሁ በእሱ አትለኩ። እዚህ አገር ግን የአገር ሰው በብር፣ በአነስተኛ ዋጋ ይገባል።

አራተኛው ወረቀት ነው። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ታንዛኒያ ትጠይቃለች፤ ሳምንታት ቀድማችሁ አመልክቱ። ጅቡቲ በኢንተርኔት የሚወጣ ቪዛ አላት። «የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ» የሚባለው የ100 ዶላር ቪዛ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን እንጂ ታንዛኒያን አይጨምርም፤ በዚህ የተሳሳቱ ሰዎች አውቃለሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት ተከተቡ፣ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡት።

የመጨረሻው፣ የሚሄደው ማን ነው? ወገቡን የሚያመው ሰው፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ ዋና የማይችል ሰው አብሮ ካለ ምርጫው ይለወጣል።

የባቡሩ መንገድ፦ አዋሽና የታጁራ ባሕረ ሰላጤ

ለዚህ ጉዞ የድሬ ሰው መሃል ላይ ተቀምጧል። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ሰው የሚጭነው የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ምዕራብ አዋሽ፣ ወደ ምሥራቅ ጅቡቲ ነጋድ ያደርሳል። ከኛ እስከ ነጋድ 300 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። አዲሱ ጣቢያ ለገሃር እንዳለው አሮጌ ጣቢያ ከተማው ውስጥ ስላልሆነ የባጃጅ ወይም የመኪና ጊዜ ጨምሩበት። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ጉዞው የሚታሰበው ከባቡሩ ቀን ተነስቶ ነው፤ ሆቴል ቀድሞ ይዞ በኋላ ባቡር መፈለግ ቀን ያስበላል።

በአዋሽ እጀምራለሁ። የምድር ባቡር ሠራተኞች በመስኮት ሳላ ማየታቸውን ሲያወሩ ሰምተን ያደግን ልጆች ነን፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ሆኖ የአዲስ አበባ መንገድ መሃሉን አቋርጦት ያልፋል። የኢላላ ሳላ ሜዳ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከገባችሁ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና ሳላዎች ሜዳው ላይ ቆመው ታገኛላችሁ። የሜዳ ፍየል፣ አጋዘን፣ ከርከሮ፣ ሰጎን፣ በፏፏቴው በኩል አዞ፣ ግራጫ ጋማ ያላቸው የሐማድሪያስ ዝንጀሮዎች፣ ከ400 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። አንበሳ ሌሊት ሲያገሳ ልትሰሙ ትችላላችሁ፤ አያለሁ ብላችሁ ግን ገንዘብ አትክፈሉ። ዝሆንና ቀጭኔም እዚህ የሉም። ጥበቃ ስካውት መያዝ ግዴታ ነው፣ እሱም ይጠቅማል፤ የእኛ ስካውት መኪናው ሳይቆም በፊት በቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን አጋዘን በጆሮው እንቅስቃሴ ለይቶ ያሳየን ነበር።

አንድ ቀን መጨመር የሚችል ሰው ከአዋሽ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ወደ ሃላይደጌ ሜዳ ይሂድ። መስመሩ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለው፣ ጆሮው ክብ የሆነው የግሬቪ የሜዳ አህያ ዓለም ላይ የቀረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው፤ የሰሜን ጫፍ መንጋው ይህ ነው። አዋሽ ፓርክ ያለው የፈንታሌ ተራራ አካባቢ በእ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጦ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውሉ፣ የመንገዱንም ሰላም ጠይቁ።

የጅቡቲ ወገን የዱር እንስሳ ዋናው ባሕር ውስጥ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። የሚበላው ጥቃቅን የባሕር ሕይወት ስለሆነ ለሰው አደገኛ አይደለም። በአርታ ባሕር ዳርቻ በኩል በጀልባ ወጥታችሁ፣ የመዋኛ መነጽር አድርጋችሁ አጠገቡ ትንሳፈፋላችሁ። ነጠብጣብ ያለው ጀርባው በሥራችሁ ሲያልፍ ያለው ዝምታ ከየትኛውም ሳፋሪ መኪና የማይገኝ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ካየሁት ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ግን ዋና የማይችል ሰው በሕይወት ጃኬት ከጀልባው ጎን ተይዞ ብቻ ነው የሚያየው። ጀልባ ነጂው እንስሳውን የሚከብብ፣ ወይም «ንኩት» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በየብስ፣ ከተማው አጠገብ ያለው የደካን መጠለያ ከአዘዋዋሪዎች የተያዙ አቦሸማኔዎችን ይንከባከባል፤ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ጥሩ ከሰዓት ነው። የአቤ ሐይቅ የኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫዎችና ፍላሚንጎዎች ግን ጠንካራ መኪናና አንድ አዳር ይፈልጋሉ። ጅቡቲ ውስጥ አልጋና ምግብ ውድ ነው። ፍራንካቸው ከዶላር ጋር የተቆራኘ ስለሆነ (ለ1 ዶላር ወደ 178 ፍራንክ፣ ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ አልተለወጠም) ወጪው ቢያንስ አስቀድሞ ይታወቃል።

ባቢሌን ለምን አላስገባህም ለምትሉኝ፦ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪ.ሜ. የሚሰፋ የእኛው ቅርስ ነው፤ ቢቻል ከሁሉ በፊት እሱን ባሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ቁልቋልና እሾህ ውስጥ ተበትነው በእግር ነው የሚፈለጉት። ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድና የአካባቢውን ሰው ይጠይቃል። ለሁለት አገር ጉዞ ቀን ቆርጦ እዚያ ላይ መወራረድ አልመክርም።

ኢትዮጵያና ኬንያ

በካርታ ላይ በየብስ መሄድ ያምራል፤ በሐዋሳ፣ በሞያሌ፣ በማርሳቢት አድርጎ እስከ ኢሲዮሎ አስፋልት ነው። እኔ ግን ከድሬ ለሚነሳ ሰው አልመርጠውም። መጀመሪያ ወደ አዋሽና ሞጆ መውጣት፣ ከዚያ ሞያሌ፣ ከዚያም ሌላ 500 ኪ.ሜ.፤ ለመሄድ ብቻ አራት ቀን ይበላል። የመንገዱ ሰላም ደግሞ በየሳምንቱ ይለያያል። በአውሮፕላን በአዲስ አበባ በኩል ናይሮቢ መግባት ይሻላል፤ ቪዛ ስለሌለበት ድንበሩ የሚወስደው ግማሽ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አስጎብኚዎች ከኬንያ ሰሜን ሳምቡሩን «አምስቱን ልዩ እንስሳት እዩ» ብለው ይሸጣሉ፤ የግሬቪ የሜዳ አህያ፣ ሳላ፣ ጥልፍልፍ ቀጭኔ፣ የሶማሌ ሰጎንና አንገተ ረጅሙ ገረኑግ። ከቀጭኔው በስተቀር የእኛው የምሥራቅ ቆላ እንስሳት ናቸው! አዋሽንና ሃላይደጌን ያየ ሰው ሳምቡሩን ቢጨምር ያንኑ ይደግማል፣ ምንም እንኳ እዚያ በቅርበትና በብዛት ቢያይ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የተለየውን፣ ከኬንያም የተለየውን ማጋጠም ነው የሚያዋጣው።

የእኔ ጥምረት ባሌና የኬንያው አምቦሴሊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ፓርክ በሌላ አገር የማይገኙ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን አሉት። ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም፤ በሳነቲ አምባ ላይ ግን አይጥ ሲያድን ከመኪና መስኮት ማየት ይቻላል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ንጋቱ ውርጭ ነው፤ ከድሬ የሚሄድ ሰው ጋቢ ብቻ ይዞ እንዳይሄድ። ከዚያ ወርዶ አምቦሴሊ ላይ የዝሆን መንጋ ከኪሊማንጃሮ ሥር ሲያልፍ ማየት፣ ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ አይሻሙም። ናይሮቢ ላይ ሰዓት ከተረፋችሁ ከተማው ዳር ያለው ብሔራዊ ፓርክ አውራሪስ በግማሽ ቀን ያሳያል።

ኬንያና ታንዛኒያ

ሰው ሁሉ «ሳፋሪ» ሲል በልቡ ያለው ይህ ነው፤ አልፈርድበትም። ከሚሊዮን በላይ ዊልድቢስት ሣር ተከትሎ የሚዞርበት አገር ሌላ የለም። እኔም የከሰርኩት እዚህ ነው።

ከእህቴ ጋር ስንሄድ ያስያዘን ወኪል ማራን ጨርሰን በዚያው መኪና ወደ ሴሬንጌቲ እንደምንሻገር ነገረን። በካርታም ሁለቱ አንድ ሜዳ ናቸው፤ እንስሳው ራሱ ይሻገራል። ለጎብኚ ግን በመሃላቸው ያለው በር እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ ተዘግቶ፣ ድንበሩ በኋላ ሲከፈት እሱ ሳይከፈት ቀረ። ስለዚህ ከማራ ወደ ናይሮቢ ተመለስን፣ በናማንጋ ተሻገርን፣ ድንበሩ ላይ የኬንያውን መኪና ትተን የታንዛኒያ መኪና ያዝን፣ አሩሻ አደርን። ሁለት ሙሉ ቀን ሄደ። እህቴ በመስኮት እያየች «ይኼን ቀን ለእንስሳ ከፍለን ነበር» ያለችው እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ሁለቱን አገር ካጣመራችሁ ማራን ተዉት፣ በቦታው አምቦሴሊን አስገቡ። አምቦሴሊ ለናማንጋ ቅርብ ነው፤ ከዚያ በቀጥታ አሩሻ፣ ንጎሮንጎሮ፣ ሴሬንጌቲ። ዊልድቢስቱን ከሴሬንጌቲ ወገን ታዩታላችሁ፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት በደቡቡ በንዱቱ ሲወልድ፣ በሐምሌና በነሐሴ በሰሜኑ የማራን ወንዝ ሲሻገር። ማራ ካልታየ ብሎ ልቡ እምቢ ያለው ሰው በምዕራብ ባለው በኢሴባኒያ ድንበር በኩል ወደ ሴሬንጌቲ መግባት ይችላል፤ መንገዱ ረጅም ቢሆንም ወደ ኋላ አይመልስም።

የመግቢያውን ሒሳብ ልሥራላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው ታሪፍ። ማራ ከጥር እስከ ሰኔ በፈረንጅ ወር አቆጣጠር በሰው 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ነበር። ለሁለት ሰው ሁለት ቀን በነሐሴ 800 ዶላር። ሴሬንጌቲ 70 ዶላርና 18 በመቶ ቀረጥ፣ ለሁለት ሰው ሁለት ቀን 330 ገደማ። ንጎሮንጎሮ በሰው 60፣ ወደ እሳተ ገሞራው ጎድጓዳ ለሚወርድ መኪና 250፣ ከነቀረጡ ለሁለት ሰው አንድ ቀን ወደ 437። አልጋ፣ መኪና፣ ምግብ ሳይነካ 1,567 ዶላር ሆነ። የመኪናው ክፍያ ለአራት ሲካፈል ይቀላል፤ ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ከመሄድ አራት ሆናችሁ መሄድ ያዋጣል። ወኪሉ «የፓርክ መግቢያን ይጨምራል» ካለ በየፓርኩ ስም ያስጽፍላችሁ። አዲሱን ታሪፍም ከፓርኮቹ ድረ ገጽ ላይ አመሳክሩ።

ትኬት ስትቆርጡ መግቢያው ናይሮቢ፣ መውጫው ኪሊማንጃሮ ይሁን። ሁለቱም ጋ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ በመጡበት መመለስ አንድ ቀን ያስወጣል።

በአጭሩ ሲቀመጥ

| መለኪያ | ኢትዮጵያ–ጅቡቲ | ኢትዮጵያ–ኬንያ | ኬንያ–ታንዛኒያ |
|---|---|---|---|
| የሚመቸው ጊዜ | ከኅዳር እስከ ጥር | ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት | ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ሐምሌና ነሐሴ |
| ድንበሩ | በባቡር፣ ግማሽ ቀን | በአውሮፕላን፣ ግማሽ ቀን | ናማንጋ፣ መኪና ለውጥ፤ ከማራ ከሆነ 2 ቀን |
| ከዚህ ባነሰ ቀን አትሂዱ | 5 ቀን (3 የእንስሳ ቀን) | 8 ቀን (4 የእንስሳ ቀን) | 9 ቀን (5 የእንስሳ ቀን) |
| የሚታየው | ሳላ፣ ዝንጀሮ፣ ወፎች፣ ዌል ሻርክ | ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን፣ ዝሆን | አንበሳ፣ ጎሽ፣ ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ዊልድቢስት |
| ቪዛ | ለጅቡቲ | የለም | ለታንዛኒያ |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

የጥር ዕረፍትና ትንሽ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የባቡሩን መንገድ ይያዝ። ወላጆችን ለሚወስድም እሱን እላለሁ፤ ባቡር ላይ እግር ይዘረጋል፣ የጅቡቲውን ጀልባ ባይወጡ እንኳ አዋሽ በቂያቸው ነው። ወፍና ብርቅዬ እንስሳ የሚወድ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ባሌና አምቦሴሊን ይያዝ። ለዓመታት አጠራቅሞ አንዴ ለሚሄድ፣ በተለይ በነሐሴ ብቻ ለሚችል፣ ኬንያና ታንዛኒያን፤ ዘጠኝ ቀን ከሌለው ግን አንዱን አገር ብቻ በደንብ ይይ። የአክስቴን ልጅ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ፈቃዱ ስድስት ቀን በታኅሣሥ ስለነበረ ሦስቱንም ወረቀት ተወና የባቡሩን ቀን ጠየቀ።

ከእኛ ከተማ ለሚነሳ ሰው ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ጫት በኬንያና በጅቡቲ ይፈቀዳል፤ በታንዛኒያ ግን በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፣ ያስራል። ሻንጣ ውስጥ ቅጠል እንኳ እንዳይቀር። ፌስታልም እንዲሁ፦ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 ከልክለውታል፤ ልብሱን በጨርቅ ከረጢት አድርጉት። ሰዓት ላይ ደግሞ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት አራት ሰዓት ለነሱም አራት ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ወደ ፈረንጁ ይመለሳሉ። የመነሻ ሰዓት ስትቀጣጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስደግሙ።

ዘንድሮ ለየትኛውም የማይሞላለት ሰው ከድሬ ሚኒባስ ይዞ ሐረር ይውጣ፤ ከጀጎል ውጭ ማታ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች ጋ ይቁም። ወራባ፣ ማለትም ጅቡ፣ እዚያ በእጅ ርቀት ላይ ነው፤ ስካውትም ቪዛም አይፈልግም።